ሞተሩ የት ጋ ይቁም?

የካቲት 23 ማለዳ አራት ኪሎ የሌላ ቀን ድምፅ የላትም። የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ገና አልጀመረም፤ በምትኩ ከስድስት ኪሎ በኩል ኮቴ አስፋልቱን ሲቀጠቅጥ ይሰማል። ከሱሉልታና ከእንጦጦ ጀርባ በሌሊት የተነሡ ፈረሰኞች በሽሮ ሜዳ አድርገው ወደ ምኒልክ አደባባይ እየወረዱ ነው። ጋሻ ያነገበ አለ፤ ጎፈር የደፋ አለ፤ በአንድ እጁ ዛብ፣ በሌላው ስልክ ይዞ ራሱን የሚቀርፅም አለ። የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት ጋ ሲደርሱ ሰልፉ ይጠባል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ፈረሶቹም ጆሯቸውን ያቆማሉ።

ከመካከላቸው አንድ ዳማ ፈረስ ራሱን ከፍ ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ፈረስ የፊት እግሩን ሲያመው የታመመው እግር መሬት በነካ ቁጥር ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ጋላቢው ወጣት ወርዶ ዛቡን ያዘ። ወዲያው ተመልካች ተሰበሰበ፤ ተመልካች ባለበት ደግሞ ሐኪም አይጠፋም። አንዱ «ደክሞት ነው» አለ። ሌላው «ወለምታ ነው፣ ወጌሻ ፈልጉ» ሲል አዘዘ። ከመንገዱ ጀርባ ካለች ብየዳ ቤት የወጣ ልጅ ግን ወሬውን ትቶ ጎንበስ አለና ሰኮናውን አየ። ጫፉ ረዝሞ እንደ አሮጌ ጫማ አፍንጫ ወደ ላይ መገልበጥ ጀምሯል።

«ይኼማ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው!» ብሎ ሮጠ። ሲመለስ ግራይንደሩን ከነማራዘሚያ ገመዱ ይዟል።

ማሽኑ እንዳፏጨ ዳማው በኋላ እግሮቹ ቆመ፤ ለቅጽበት ያህል ወደ ታች አደባባዩ ላይ የሚጠብቀውን የነሐስ ፈረስ መሰለ። ሰው ተበተነ። ከፈረሰኞቹ መካከል በዕድሜ የገፉ አንድ ሽማግሌ ወርደው የልጁን ክንድ ያዙት።

«አጥፋው ልጄ። ይኼ የብረት በር አይደለም፤ ውስጡ ደም አለ።»

ጥፍር ነው፣ ቤትም ነው

ልጁም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የሰኮና ግድግዳ ከሰው ጥፍር ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም የተሠሩት ኬራቲን ከሚባለው ነገር ነው። በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ከላይ ከጠጉሩ ሥር ዛሬ የበቀለው ከፊት ጫፉ ለመድረስ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ቀኑን ሙሉ ድንጋይና ደረቅ መሬት ላይ የሚንከራተት ፈረስ ያደገውን ያህል ይበላለታል፤ መከርከሚያ አያሻውም። ታስሮ የሚውል፣ ለስላሳ ጉዝጓዝ ላይ የሚቆም፣ በዓል ሲመጣ ብቻ የሚወጣ ፈረስ ግን ጥፍሩ ይከማችበታል። ባለሙያዎች በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይታይ የሚሉትም ለዚህ ነው።

ልዩነቱ ያለው ከጥፍሩ ውስጥ ነው። የፈረስ የመጨረሻው የእግር አጥንት ከሰኮናው ግድግዳ ጋር የተያያዘው በቀጫጭን የሥጋ ንጣፎች ነው፤ እንስሳው ሁለንተናውን ይዞ በጥፍሩ ውስጥ ተንጠልጥሏል ማለት ይቻላል። ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከሙት ደግሞ የፊት እግሮቹ ናቸው። ጫፉ ሲረዝም እርምጃው ይንቀረፈፋል፣ ተረከዙ ይወርዳል፣ ጫናው ወደ ኋላ ወደ ጅማቶቹ ይዞራል። ጫፉ ከልክ በላይ ሲቆረጥ ደግሞ ሥጋው ይጋለጣል። በሁለቱ ስሕተቶች መካከል ያለው ርቀት አንዳንዴ የአንድ ጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም።

ሽማግሌው የዳማውን የግራ የፊት እግር አንሥተው በጉልበታቸው መካከል አደረጉት። በያዙት ቢላ ጭቃውንና ፍጉን ጠረጉ። ከግድግዳውና ከውስጠኛው የእግር ሥር መገናኛ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ተወትፋለች። ቢላውን በጎን አስገብተው ፈንቀል አደረጓት። ዳማው ትንፋሹን ለቀቀ።

የረዘመውን ጫፍ ሁላችንም አይተነዋል፤ የሚያሳምመውን ግን ያየ አልነበረም። ግራይንደሩ ሥራውን በአንድ ደቂቃ ጨርሶ ቢሆን ኖሮ ሰኮናው አምሮ፣ ጠጠሯ እዚያው ተቀምጣ፣ ፈረሱም እያነከሰ የራስ መኮንን ድልድይን ቁልቁለት ይወርድ ነበር።

«የረዘመውን ሁሉም ያየዋል፤ የሚያመውን ለማየት እግሩን ማንሣት ያሻል።»

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምዕት ዓመት የኖረው ግሪካዊው ዜኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ፣ የፈረስ ግቢ ክብ ክብ ድንጋይ ይነጠፍበት፣ ሰኮናው እዚያ ላይ ቆሞ ይጠንክር ሲል ይመክራል። አዲስ አበባ ላለፉት ዐሥርት ዓመታት መንደሮቿን ሁሉ ኮብልስቶን ስታነጥፍ የኖረችው ለዜኖፎን ብላ አይደለም፤ ግን ምክሩ በአራዳ ጓሮዎች ሳይታወቅ ተፈጽሟል። የቀረው ፈረሱ ነው።

ስም ያለው ፈረስ፣ ስም የሌለው ሙያ

ይህ ሰፈር ያለ ፈረስና በቅሎ አይታሰብም ነበር። የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር በነበረበት ዘመን እህሉም፣ ጨውም፣ እንጨቱም የሚመጣው በጀርባ ተጭኖ ነበር፤ ጣሊያን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪያዞረው ድረስ። መኳንንቱ መንገድ የሚሄዱት በበቅሎ ነው፤ ፈረሱ ከጎን እየተሳበ ለጦርነትና ለክብር ይቆያል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ስሙ ግን ከተዋጊው ስም በላይ ሲጠራ ኖሯል። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስንሻገር የምንረግጠው ድልድይ ባለስም የሆኑት ራስ መኮንን አባ ቃኘው ነበሩ፤ ኮሪያ የዘመተው ጦራችን የወሰደው ስም የእሳቸው ፈረስ ስም ነው።

አደባባዩ ላይ ያለው የምኒልክ ሐውልት የቆመው በ1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ፋሺስቶች አንሥተው ቀበሩት፤ ከድል በኋላ ተመልሶ ቆመ። ሠሪው ጀርመናዊ ፈረሱን በኋላ እግሮቹ አቁሞታል። በአካል ሲኖር ብዙውን ሸክም የሚሸከሙት የፊት ሰኮናዎች በነሐሱ ላይ አየር ላይ ናቸው። የዛሬዎቹ ፈረሰኞች በየዓመቱ ከሥሩ ሲሰበሰቡ ቀና ብለው የሚያዩት የፈረሱን ደረት ነው፤ ሰኮናውን ልብ የሚል እምብዛም የለም።

ለፈረሱ ጌታ ማዕረግ አለ። ለበረቱ አለቃም ማዕረግ አለ፤ «ባልደራስ» የሚለው የቤተ መንግሥት ሹመት ዛሬ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። ሰኮናውን ጎንበስ ብሎ የሚሞርደው ሰው ግን በአፋችን የተለመደ የሙያ ስም እንኳ የለውም። «ያ ፈረስ እግር የሚያስተካክለው» እንላለን። የፈረስ ጫማ የሚመታው ቀጥቃጭ ነውና ከብረት ሠሪዎች ጋር አብሮ ሲናቅ ኖሯል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ ዐዋጅ ያስነገሩት ስድቡ ሥር ሰዶ ስለነበር ነው። የቤተ መንግሥቱ ሙያተኞች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር ከፒያሳ ቅርብ ነው። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን ተሰብሮ ቀርቶበታል እየተባለ የሚነገርለት ሰባራ ባቡርም እንዲሁ። አራዳ ማሽን ሲመጣ መጀመሪያ የምታየው፣ ሲሰበርም መጀመሪያ ስም የምታወጣለት ሰፈር ናት።

ጋሪውም እዚህ ነበር፤ ትንንሾቹ ታክሲዎች ሳይመጡ በፊት። ከመሀል ከተማ ወጥቶ ወደ ቢሾፍቱ፣ ደብረ ብርሃን፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ጎዳና ሄደ፤ እዚያም ባጃጅ ደረሰበት። ለከተማዋ የቀሩላት ፈረሶች የበዓል ፈረሶችና በእንጦጦ ፓርክ አካባቢ ሰው የሚያንሸራሽሩት ናቸው። እነሱ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ሰኮናቸው የሚከማችባቸው፣ ለመከርከም ግን ሰው የሚያጡ ናቸው።

ሰው ሲጠፋ ማሽን ይገባል።

የተቃጠለ ፀጉር ሽታ

ከበዓሉ በኋላ ብየዳ ቤቱ ሄድኩ። ልጁ ከዳማው ሰኮና የተቆረጠውን ቁራጭ አልጣለም። «ጋሼ፣ ይዩት» አለኝና በጉጠት ይዞ ግራይንደሩ ላይ አሳረፈው። ዓይን ሳይርገበገብ አንድ ጎኑ ጠፋ፤ ቤቱ በተቃጠለ ፀጉር ሽታ ተሞላ። ቁራጩን ሲሰጠኝ በጣቴ ልይዘው አልቻልኩም፤ ግሏል።

ትንሹ የእጅ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሞረድ በአሥር ግፊት የሚያነሣውን በአንድ ንክኪ ያነሣል፤ ችግሩም ይኸው ነው። እጅ ሞረዱን ሲገፋ የሰኮናውን ጥንካሬ ይሰማል፤ ደረቁ ግድግዳ አልቆ ለስላሳው ሲጀምር ድምፁም ግፊቱም ይለወጣል። ማሽኑ ይህን ልዩነት ለእጅ አይነግርም፤ ሁሉንም እኩል ይበላዋል። ጫጫታው ፈረስን ያስደነግጣል። ብናኙ ወደ ሠሪው ሳንባ ይገባል። የጅራት ጠጉር ከሚዞረው ዲስክ ጋር ሲጠመጠም የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም፤ እርጥብ መሬት ላይ ስለተጎተተ የኤሌክትሪክ ገመድም እንዲሁ።

ያም ሆኖ ማሽኑን የሚያወግዙ ሁሉ ትክክል ናቸው ማለት አይደለም። በአውሮፓ የላም ሰኮና የሚከረክሙ ባለሙያዎች ላሟን በብረት መያዣ አቁመው በግራይንደር መሥራት የዕለት ልማዳቸው ነው። ፈረስ ላይም የሚጠቀሙ አሉ፤ ግን በጉጠትና በቢላ ዋናውን ሠርተው፣ ለማለስለሻ፣ ድምፁን ቀስ በቀስ በለመደ ፈረስ ላይ። በበጋ የደረቀ ሰኮና እንደ ድንጋይ ይሆናል። ዕድሜ ልኩን ጎንብሶ የሠራ ሰው ወገቡ ያልቃል፤ አንጓው ያብጣል። አንድ የእንስሳት ሐኪም ነገሩን ሲያጫውቱኝ «ወገቤን ለሚያሳርፍ ሞተር ጸሎት አደርጋለሁ» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ጨመሩ፦ «ሞረድ ይዞ መቶ ሰኮና ያልሠራ ሰው ሞተሩን ባይነካው ግን እመርጣለሁ። ፍጥነት ስሕተትንም ያፈጥናል።»

ልጁ ሁለተኛ ቁራጭ ሊያሳየኝ ሲሰናዳ መብራት ጠፋ። ግራይንደሩ እየተንቀረፈፈ ቆመ።

እግሩን ያየ አፉንም ይየው

ያን ዕለት ማለዳ ሽማግሌው ከሰኮናው በኋላ ያደረጉት ነገር ከጠጠሯ በላይ ገርሞኛል። የዳማውን ከንፈር በአውራ ጣታቸው ገለጥ አድርገው የፊት ጥርሶቹን ተመለከቱ። «ስድስት ዓመቱ» አሉ። ፈረስ የፊት ወተት ጥርሶቹን በሁለት ዓመት ተኩል፣ በሦስት ተኩልና በአራት ተኩል ገደማ ጥንድ ጥንዱን ይለውጣል፤ በአምስት ዓመቱ አፉ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን የሚናገረው የጥርሱ አበላል ነው። ገበያ ላይ ሻጭ ስለ ፈረሱ ይዋሻል፤ ጥርሱ እምብዛም አይዋሽም።

ከዚያ ጋላቢውን «ሣር ሲበላ ይጥላል?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ ደነገጠ። አዎ፣ ሣሩን አኝኮ አኝኮ እንደ ኳስ ጠቅልሎ ይተፋዋል፤ ልጓሙ ሲጠብቅም ራሱን ያናውጣል። ቤት ውስጥ ዓመል ነው ተብሎ ነበር። ሽማግሌው ጉንጩን ከውጭ ሲጫኑት ዳማው ሸሸ።

የፈረስ መንጋጋ ጥርስ እንደ እኛ ወጥቶ አይቆምም። ረጅሙ ክፍል መንጋጋው ውስጥ ተቀብሮ ይጠብቃል፤ ሣርና አፈር ከላይ ሲበላው ከሥር በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር እየወጣ ይተካል። ፈረስ የተፈጠረው ቀኑን አብዛኛውን፣ እስከ 16 ሰዓት ድረስ፣ መንጋጋውን ወደ ጎን እያመላለሰ ሻካራ ሣር እንዲያላምጥ ነው። የከተማ ፈረስ ግን ፉርሽካ፣ ገብስና ፋጉሎ ይሰጠዋል፤ ፈጥኖ ይበላል፤ መንጋጋውም ከጎን ወደ ጎን ሙሉ መንገዱን አይሄድም። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ሰፊ ነውና ጥርስ ለጥርስ ያልተፋጨበት ጠርዝ ስል ሆኖ ይቀራል፤ ላይኛው ወደ ጉንጭ፣ ታችኛው ወደ ምላስ። ልጓም የገባበት አፍ ላይ ጉንጩ በዚያ ስለት ላይ ይጫናል። ጌታው ግን «ዓመለኛ» ይለዋል፤ ልጓሙን ያጠብቅበታል፤ አለንጋውን ያነሣል።

«ዓመለኛ የተባለው ፈረስ ጉንጩ ቆስሎ ይሆናል።»

የተለመደው ሕክምና ረጅም እጀታ ያለው ሞረድ ነው። አፉ በብረት መክፈቻ ተይዞ፣ ሐኪሙ እስከ ክርኑ ገብቶ፣ ስለቱን ብቻ ይሞርዳል። የሚያደክም ሥራ ነው፤ ከወደ ኋላ ላሉት ጥርሶች ደግሞ ዓይን አይደርስም፤ ጣት ያያል። ሞተር የገባውም በዚህ ችግር በኩል ነው። በሌላው ዓለም ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ሞተር ከውጭ ሆኖ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ የአልማዝ ብናኝ ዲስክ የሚያዞሩ መሣሪያዎች ተለመዱ፤ ዛሬ በባትሪ የሚሠሩም ሞልተዋል። በሠለጠነ እጅ ፈጣን ናቸው፤ ከኋላ ያለውን ጥርስ ያለ ግፊት ይደርሱበታል፤ ፈረሱንም ከረጅም ትግል ያድኑታል።

ጥርስ ግን ሕያው ነው። ውስጡ ነርቭና የደም ሥር አለ። የብየዳ ቤቱ ቁራጭ በቅጽበት እንደጋለ ሁሉ የሚዞር ዲስክም ጥርስን ያግለዋል፤ የጥርሱ ውስጥ ሙቀት 5.5 ዲግሪ ያህል ከጨመረ ነርቩ ሊሞት እንደሚችል የሚጠቀስ ልክ አለ። የሞተ ጥርስ ያን ዕለት አይታወቅም፤ ከወራት በኋላ መግል ሆኖ ይወጣል፤ ያኔ ሠሪው የለም። ስለዚህ ሞተር የያዘ ሐኪም አንድ ጥርስ ላይ ለረጅም ጊዜ አይቆምም፤ ውኃ ይረጫል፣ ያሳርፋል፣ ይመለሳል። ፈረሱ እንዳይደነግጥና ራሱን እንዳይወረውር ማረጋጊያ መርፌ ይወጋል። መርፌው ደግሞ የሐኪም ሥራ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ማን ምን መሣሪያ ይያዝ የሚለው ክርክር የሚጦፈውም እዚህ ላይ ነው፤ ማሽኑን ማንም ይገዛዋል፤ መርፌውን ግን ከሐኪም በቀር ማንም አይወጋውም።

ሌላም አደጋ አለ። የፈረስ ጥርስ ለዕድሜው የተቆጠረለት ርዝመት አለው። ዛሬ ያለ ልክ ለስልሶ የተሞረደ ጥርስ ማላመጫ ሸካራነቱን ያጣል፤ ከዕድሜው ላይም ተቀንሷል። እንደ መስታወት ያማረ ጥርስ ለፈረስ ውበት አይደለም።

ከቢሾፍቱ እስከ እንጅባራ

በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ማሠልጠኛ የሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቢሾፍቱ ላይ ነው፤ የጋሪ ፈረስ ከበራፉ በማይጠፋባት ከተማ። ስፓና፣ ብሩክና ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባሉት ድርጅቶችም ለሥራ እንስሳት ሕክምና ሲሠሩ ኖረዋል። ከእነሱ ጋር የሠራ ሰው ሲያወራ ሞተር የሚለው ቃል እምብዛም ከአፉ አይወጣም። የሚያወራው ስለ ኮርቻ ቁስል፣ ስለ ጋለ ብረት ተኩስ፣ ከሽቦ ስለተሠራ ልጓም ነው። ያነከሰን ፈረስ በጋለ ብረት መተኮስ ዛሬም በየገጠሩ አለ፤ ከዚያ ለተነሣ ሰው ንጹሕ ቢላና አንድ ጥሩ ሞረድ ትልቅ እርምጃ ነው።

በአዊ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ሜዳ ላይ ሲሰበሰቡ ያየ ሰው ፈረስ አለቀ የሚለውን ወሬ ይተወዋል። እዚያ ሰኮና የሚያይ ዓይን ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ፈረሱ በየቀኑ ይሠራልና። በከተማ ግን ፈረሱ ለበዓል ቀርቶ ዕውቀቱ ቀድሞት ሄደ። ጉግስ ሲታወስ ጋላቢው ይወደሳል፣ ልብሱ ይወሳል፣ ፎቶው ይሰቀላል። ለበዓል ዝግጅት ገንዘብ ሲዋጣ ለጎፈሩና ለጋሻው ይወጣል፤ ለሰኮና ተብሎ የተዋጣ ብር ሰምቼ አላውቅም። ግራይንደሩን ይዞ የሮጠው ልጅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ዕለት ስለ ፈረሱ እግር አንድ ነገር ለማድረግ የተነሣ የመጀመሪያው ሰው ነበር።

ሽማግሌውም ይህን ሳይታዘቡ አልቀሩም። ዳማው ወደ አደባባዩ እንዳይጋለብ ከለከሉ፤ ጋላቢው ቅር ቢለውም ዛቡን ይዞ በእግሩ ሊሄድ ተስማማ። ከኮርቻቸው ከረጢት ያረጀ ሞረድ አወጡና የብየዳ ቤቱን ልጅ ጠሩት።

«ና፤ አንተ ያዝ።»

ልጁ የዳማውን እግር በጉልበቱ መካከል አድርጎ ጎነበሰ። ሞረዱን ገፋ፤ ተንሸራተተበት። እንደገና ገፋ። «በግድ አይደለም፤ ስማው» አሉት። ጥቂት ቆይቶ ዱቄት መሰል ፍቅፋቂ ጫማው ላይ መውረድ ጀመረ። ዳማው ክብደቱን ሙሉ በሙሉ ጣለበት፤ ፈረስ ሰው ሲያገኝ መደገፍ ይወዳል። የልጁ ግንባር በላብ ራሰ፣ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። እግሩን አውርዶ ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ቀና አለና፦

«አባባ፣ በየቀኑ እንዲህ ነው?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የሠራውን በጣታቸው ዳሰሱ፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ገና ሦስት እግር ይቀራል» አሉት።